ብብት ከመከፈቱ በፊት፦ አልትራሳውንድ በጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ያለው ድርሻ

ስለ ጡት ካንሰር ሲነገር የሁላችንም ሐሳብ ወደ ጡት ይሄዳል። ሐኪሞች ግን ጡቱን ከመረመሩ በኋላ ወዲያው የሚጠይቁት ስለ ብብት ነው፤ በሽታው ወደዚያ ተሻግሯል ወይስ አልተሻገረም? የዚህ ጥያቄ መልስ የሕክምናውን መንገድ ይወስናል። መልሱን ለማግኘት ለመቶ ዓመት ያህል የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ብብትን ከፍቶ በውስጡ ያሉትን ዕጢዎች ሁሉ ማውጣት። ባለፉት 30 ዓመታት ግን ቀዶ ሕክምናው እየጠበበ መጥቶ ዛሬ ለተወሰኑ ሴቶች ብብታቸው ጨርሶ ሳይከፈት እንዲታለፍ የሚያስችል ማስረጃ ቀርቧል። ለዚህ ያበቃው መሣሪያ ደግሞ ብዙዎቻችን ለነፍሰ ጡር እናቶች ብቻ የተሠራ የሚመስለን አልትራሳውንድ ነው።

ጉዳዩ የባለሙያ ጉዳይ ይመስላል፤ ነውም። ይሁን እንጂ በአሶሳ፣ በካማሺና በመተከል ዞኖች እንዲሁም በማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ለሚያገለግሉ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ጥቂት ማወቁ ይጠቅማል። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ወደ ጤና ተቋም ከመሄዷ በፊት ለንስሐ አባቷ ወይም ለማኅበር እኅቷ የምትነግርበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያች ሰዓት የሚሰጣት ምክር ወራትን ሊያተርፍላት ወይም ሊያባክንባት ይችላል። ከዚህም ሌላ ብብቷ ምን ያህል ይከፈት የሚለው ውሳኔ የወደፊት ክንዷን ይወስናል።

በዚህ ክልል የሴት ክንድ ቀላል ነገር አይደለም። የጉሙዝና የበርታ እናቶች ውኃውንና እንጨቱን የሚሸከሙት በትከሻቸው ላይ በሚያጋድሙት ዘንግ፣ ሁለቱን ጫፍ አመዛዝነው ነው። በአሶሳ ዞን በየወንዙ ዳር ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው አሸዋውን የሚያጣሩት በክንዳቸው ብርታት ነው። በ1970ዎቹ የሰፈራ ዘመን ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች መጥተው በአሶሳ ዙሪያና በፓዌ የሰፈሩ ቤተሰቦች እናቶችም ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፣ ይወቅጣሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ። ከካንሰሩ ተርፋ ክንዷ አብጦ የቀረባት ሴት ሕይወቷን አግኝታ መተዳደሪያዋን ታጣለች። ስለዚህ ሐኪሙ ብብትን በጥንቃቄ መያዙ ከውበትም ከምቾትም ያለፈ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አስቀድመን አንድ የቃል ነገር እናጥራ። በአማርኛ «ዕጢ» የምንለው በሽታውን ራሱንም፣ በጤነኛ ሰው ሁሉ ሰውነት ውስጥ የተፈጠሩትን የሊምፍ ዕጢዎችንም ነው። በዚህ የተነሣ «ብብትሽ ውስጥ ዕጢ አለ» የተባለች ሴት ካንሰሩ ተሰራጨብኝ ብላ ትደነግጣለች። በዚህ ጽሑፍ በጡት ላይ የሚወጣውን «እባጭ» እንለዋለን፤ «ዕጢ» ስንል ግን የሊምፍ ዕጢ ማለታችን ነው። እግር ቆስሎ ብሽሽት ላይ ሲያብጥ ሕዝባችን ንፍፊት የሚለው ይኸው ዕጢ ነው።

ሊምፍ ከሥጋችን ውስጥ እየተንጠፈጠፈ በጥቃቅን ቦዮች የሚሰበሰብ፣ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ነው። ወደ ደም ከመመለሱ በፊት በዕጢዎቹ ውስጥ ያልፋል፤ እነርሱም እንደ ወንፊት የገባውን ባዕድ ነገር ይይዛሉ። ከጡት የሚወጣው ፈሳሽ አብዛኛው የሚያልፈው በብብት ነው። በአንድ ብብት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 የሚደርሱ ዕጢዎች ይገኛሉ፤ ቁጥሩ ከሰው ሰው ይለያያል። ካንሰር ከጡት ሲወጣም ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በእነዚሁ ወንፊቶች ላይ ነው። ነገር ግን የክንዱ ፈሳሽም የሚያልፈው በዚያው በኩል ነው። ዕጢዎቹ ሁሉ ተጠርገው ሲወጡ ቦዩ ይቋረጥና ፈሳሹ በክንዱ ውስጥ ይጠራቀማል።

ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት በክልላችን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንዱ ዓይነት ዝሆኔ ትንኝ ከሚያስተላልፈው ትል፣ ሌላው በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ ይመጣል። በሁለቱም የሚጎዳው የሊምፍ ቦይ ነው። ከብብት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው የክንድ እብጠትም የዚያው ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ቦዩን የዘጋው በሽታ ሳይሆን የሐኪም ቢላዋ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመዘነ ትንተና እንዳሳየው፣ የብብት ዕጢዎቻቸው በሙሉ ከወጡላቸው ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ገደማ ክንዷ ያብጣል። ጥቂት ዕጢ ብቻ ከወጣላቸው ግን ከ100 ሴቶች ወደ 6 የሚጠጉት ናቸው። እብጠቱ አንዴ ከሥር ከሰደደ በእንክብካቤ ይቀንሳል እንጂ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም።

ታዲያ ሐኪሞች ይህን እያወቁ ለምን ሁሉንም ያወጡ ነበር? ዊልያም ሃልስቴድ የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ጡትን፣ የደረትን ጡንቻና የብብትን ዕጢዎች በአንድነት የማውጣትን ዘዴ አስፋፋ። ሐሳቡ ካንሰር እንደ አረም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በሥርዐት ወደ ጎን ይስፋፋል፣ ስለዚህ ሥሩን በሰፊው የነቀለ ይድናል የሚል ነበር። ለዘመኑ ምክንያታዊ ነበር፤ ታካሚዎቹም እባጫቸው እጅግ የገፋ ነበር። በ1970ዎቹ የአውሮፓውያን ዘመን በርናርድ ፊሸር የመራው ጥናት ግን ብብታቸው በእጅ ሲዳሰስ ጤነኛ የሆኑ ሴቶችን ዕጢዎቻቸው ቢወጡም ባይወጡም በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እንደማይለያይ አሳየ። የ25 ዓመት ክትትሉም ይህንኑ አጸና። ካንሰሩ የሚሰራጭ ከሆነ በደም በኩል ቀድሞ ሊሄድ እንደሚችል፣ ብብትም ግንብ ሳይሆን ምስክር መሆኑ እየታወቀ መጣ። ምስክርን ለመጠየቅ ደግሞ ቤቱን ማፍረስ አያስፈልግም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የአውሮፓውያን ዘመን የተጀመረው ቀጣዩ እርምጃ ሐኪሞች «ዘበኛ ዕጢ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን መርምሮ ማውጣት ነበር። ከጡት የሚወጣው ፈሳሽ መጀመሪያ የሚደርሰው በአንድ ወይም በጥቂት ዕጢዎች ላይ ነው። በእባጩ አጠገብ ሰማያዊ ቀለም ወይም እጅግ አነስተኛ ጨረር ያለው ፈሳሽ ይወጋና የትኛው ዕጢ ቀድሞ እንደ ተቀበለው ይፈለጋል። ያ ዕጢ ብቻ ወጥቶ ይመረመራል። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ማንም አልገባም ካለ ጓዳ ድረስ መፈተሽ ለምን ያስፈልጋል? ከ5,600 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ዘበኛ ዕጢያቸው ንጹሕ የሆነ ሴቶች የቀሩት ዕጢዎች ባይነኩባቸውም በሕይወት የመኖር ዕድላቸው እንደማይቀንስ አረጋገጠ። በዚያው ሰሞን ሌላ ጥናት ከዚህ አልፎ ሄደ። ከጡታቸው እባጩ ብቻ ወጥቶ የጨረር ሕክምና በሚያገኙ ሴቶች ላይ በአንድ ወይም በሁለት ዘበኛ ዕጢ ውስጥ ካንሰር ቢገኝ እንኳ ሁሉንም መጥረግ ዕድሜ እንደማይጨምር አሳየ።

ወደ አልትራሳውንድ የምንመጣው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል፤ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ የሚመጣውን ድምፅ ደግሞ ወደ ምስል ይለውጣል። ጨረር የለውም፣ አያምም፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ጤነኛ የብብት ዕጢ በምስሉ ላይ የአደንጓሬ ፍሬ ይመስላል፤ ዳር ዳሩ ቀጭንና ጠቆር ያለ፣ መካከሉ ነጣ ያለ ስብ ነው። ካንሰር የገባበት ዕጢ ጠርዙ ይወፍራል (ብዙ ባለሙያዎች ከ3 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ይጠረጥራሉ)፣ መካከሉ ያለው ነጭ ይጠፋል፣ ቅርጹም ወደ ክብነት ይቀየራል። የተጠረጠረው ዕጢ በዚያው ምስል እየታየ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድበታል። በእጅ ዳሰሳ ብቻ ግን ብዙ ይስታል፤ ያበጠ ዕጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ ካንሰር የገባበት ዕጢም ሁሉ አይዳሰስም።

መሣሪያው ደካማ ጎንም አለው። የሚያየው ሰው ዐይን የሠለጠነ ካልሆነ ምስሉ ብቻውን አይናገርም፤ የሠለጠነ ዐይን እንኳ በዕጢው ውስጥ የተደበቀን ጥቂት ካንሰር ሊስት ይችላል። በጣሊያን፣ በስዊዘርላንድ፣ በስፔንና በቺሊ የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት የመረመረው በትክክል ይህን ጉዳይ ነበር። 1,405 ሴቶች የተካተቱበት ሲሆን የሁሉም እባጭ ከ2 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ብብታቸውም በአልትራሳውንድ ንጹሕ የተባለ ነበር። ግማሾቹ ዘበኛ ዕጢያቸው ወጣ፤ ግማሾቹ ብብታቸው ሳይነካ ቀረ። ዕጢያቸው ከወጣላቸው ከ100 ሴቶች ወደ 14 በሚጠጉት ውስጥ አልትራሳውንዱ ያላየው ካንሰር ተገኘ። እንግዲያው ብብታቸው ባልተነካው ውስጥም የዚያኑ ያህል ሳይታወቅ ቀርቷል ማለት ነው። ሆኖም ከአምስት ዓመት በኋላ በሽታው ወደ ሩቅ አካል ሳይሰራጭባቸው የቀሩት በአንዱ ወገን 97.7፣ በሌላው 98 በመቶ ሆኑ። ልዩነት የለም ማለት ነው። የታለፈውን ጥቂት ካንሰር መድኃኒቱና ጨረሩ፣ ምናልባትም የሰውነት መከላከያው፣ እንደ ያዙት ይታሰባል።

በጀርመንና በኦስትሪያ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሴቶችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣ ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አመጣ። ለክንድ ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ የሚናገር ነበር፤ ብብታቸው ካልተነካ ሴቶች ክንዳቸው ያበጠው 1.8 በመቶ ሲሆን ዘበኛ ዕጢ ብቻ ከወጣላቸው ግን 5.7 በመቶ ናቸው። ሕመሙም ያነሰ፣ ክንድ የማንሣቱም አቅም የተሻለ ሆነ። እነዚህን ጥናቶች ተመልክቶ የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 መመሪያውን አሻሻለ። ዕድሜያቸው 50 የሞላና የወር አበባቸው የቆመ፣ እባጫቸው ከ2 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥና በባሕርዩ ዝግ ያለ፣ ለሆርሞን መድኃኒት የሚመለስ፣ ብብታቸውም በአልትራሳውንድ ንጹሕ የሆነ ሴቶች ያለ ብብት ቀዶ ሕክምና ሊታከሙ ይችላሉ አለ።

ይህን የሚያነብ ሰው «እንግዲያው በእኛም ዘንድ ብብት አይከፈት» ብሎ እንዳይደመድም እንለምናለን። በአውሮፓው ጥናት የሴቶቹ ዕድሜ መካከለኛው 60 ዓመት፣ የእባጩም መካከለኛ መጠን 1.1 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አብዛኞቹም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጨረርና መድኃኒት በወቅቱ አግኝተዋል። የእኛ ሕሙማን ወጣቶች ናቸው፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በተደረጉ ጥናቶች ብዙዎቹ በ40ዎቹ ዕድሜ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። የሚመጡትም አብዛኞቹ እባጩ ከገፋ፣ ብብትም ከተነካ በኋላ ነው። ለክልላችን ጎረቤት በሆነው በምዕራብ ወለጋ፣ በዓይራ ሆስፒታል የታከሙ ሴቶችን የተከታተለ ጥናትም ይህንኑ የመዘግየት ታሪክ ይነግራል። ጨረርና መድኃኒት በወቅቱ በማይገኝበት ቦታ ብብትን በሙሉ የሚያጠራ ቀዶ ሐኪም ኋላ ቀር አይደለም፤ በእጁ ባለው መሣሪያ ሕይወት እያዳነ ነው። «ውጭ አገር ይህ ቀርቷል» ብሎ እርሱን መሟገት ሕመምተኛዋን ይጎዳታል።

ታዲያ አልትራሳውንዱ ለእኛ ሴቶች ዛሬ ምን ይሠራል? በእኛ አስተያየት በአውሮፓ ቢላዋን ለማስቀረት የሚያገለግለው ምስል፣ በእኛ ዘንድ ይበልጥ የሚያገለግለው የሕክምናውን ቅደም ተከተል ለማስተካከል ነው። ብብቷ በምስል ታይቶና በመርፌ ናሙና ተረጋግጦ ካንሰር የተገኘባት ሴት በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ከምትገባ አስቀድሞ ኬሞቴራፒ ቢሰጣት የተሻለ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ እባጩንም ዕጢዎቹንም ያሳንሳል፤ ከዚያ በኋላ ብብቱ ዳግም ይታያል፣ የቀዶ ሕክምናውም ስፋት በዚያ ይወሰናል። የብብቷ ሁኔታ ሳይታወቅ ጡቷ ላይ ያለው እባጭ ብቻ ተቆርጦ የሚወጣላት ሴት ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃታል፤ የወጣውም ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ ምርመራ ካልተላከ ምን ዓይነት ካንሰር እንደ ነበር እንኳ ሳይታወቅ ይቀራል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። በኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ ከሚገኘው የጡት ካንሰር ሁለት ሦስተኛው ገደማ ለሆርሞን መድኃኒት የሚመለስ ዓይነት መሆኑን ጥናት አሳይቷልና። ይህ መድኃኒት በአፍ የሚዋጥ ክኒን ነው። ናሙናው ከተጣለ ግን ለማን እንደሚሰጥ አይታወቅም።

እባጩ ገና ትንሽ ሳለ ለምትመጣዋ ሴት ደግሞ ምስሉ እንደ ውጭ አገሮቹ ሁሉ ክንዷን ሊያተርፍላት የሚችል ነገር አለው። ንጹሕ ብብት መኖሩ በወረቀት የተመዘገበላት ሴት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሟ ሰፊውን ቀዶ ሕክምና ለማስቀረት የሚያመዛዝንበት ነገር ያገኛል። ይህ ዕድል ግን ለቀደመች እንጂ ለዘገየች አይገኝም።

የመዘግየቱን ምክንያት እናውቀዋለን። በመጀመሪያ ደረጃ እባጩ አያምም። «ካላመመኝ ምን አለበት» የምትል እናት ብዙ ናት፤ የካንሰር ተንኮሉም ይኸው ነው። አብዛኛው የጡት እባጭ ካንሰር አይደለም፤ ነገር ግን የትኛው እንደ ሆነና እንዳልሆነ በእጅ ዳሰሳና በግምት አይለይም። የጡት ቆዳ መጨማደድ ወይም መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ መውጣትም ሳይውል ሳያድር የሚታይ ነገር ነው። (ወንዶችም ቁጥራቸው ጥቂት ይሁን እንጂ ይህ በሽታ ያገኛቸዋል።) ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው እፍረት ነው፤ ጡትን ለእንግዳ ሰው ማሳየት ይከብዳል። ርቀቱም አለ። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የነቀምቱ መንገድም በጸጥታ ችግር የሚስተጓጎልባቸው ጊዜያት ነበሩ። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማና ሐረር ባሉ ከተሞች መጀመሩ ሸክሙን ጥቂት አቅልሎታል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 16 ሺህ ሴቶች በጡት ካንሰር ይያዛሉ፣ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉትም ይሞታሉ።

ሌላው የመዘግየት ምክንያት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመለከት በመሆኑ በግልጽ እንነጋገርበት። ብዙ ሴቶች እባጩን ይዘው መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ጸበል ነው። ይህ የእምነታቸው ጉዳይ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። አስቸጋሪ የሚሆነው ጸበሉ ከሕክምናው ጋር እንደማይሄድ ሲነገራቸው ነው። ይህ ጥያቄ በኤች አይ ቪ ዘመን ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጸበሉን እየተጠመቁ የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል፤ ከዚያ በኋላ ስንት ነፍስ እንደ ተረፈ በየሰበካችን ምስክሩ አለ። ለጡት ካንሰርም መንገዱ ያው ነው። ልዩነቱ ካንሰር ሱባኤው እስኪፈጸም የማይጠብቅ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ምርመራው ይቅደም፣ ወይም ከጸበሉ ጎን ለጎን ይሂድ። አንድ ካህን «ልጄ፣ ጸበሉን ተጠመቂ፤ ነገ ግን ሐኪም ይይሽ» ቢላት የሐኪሙ ምክር ያላገኘውን ክብደት ያገኛል። በኬሞቴራፒ ላይ ላለች ሴትም ስለ ጾም የንስሐ አባቷ ቀድሞ ቢያነጋግራት መልካም ነው፤ ብዙ ሴቶች በኅሊና ተጨንቀው መድኃኒቱን ያቋርጣሉ ወይም ሳይበሉ ይደክማሉ።

የሰበካ ጉባኤዎች ሥራ ከዚህ ይጀምራል። እባጭ ያገኘች ሴት በቀበሌዋ ካለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ከጤና ጣቢያ ተነሥታ ወደ ሆስፒታል በሪፈር ወረቀት ትሂድ፤ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የታቀፈች ከሆነ ይህ ቅደም ተከተል ካልተጠበቀ ወጪዋን መድኑ ላይሸፍንላት ይችላል። በሆስፒታል አልትራሳውንድ ሲታዘዝላት አብሯት የሄደው ሰው በትሕትና አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ እንመክራለን፦ «ዶክተር፣ ብብቷም አብሮ ይታይልን?» ጥያቄው ሐኪሙን ማስተማር አይደለም፤ ወረፋው በበዛበት ቀን ማስታወሻ ነው። ውጤቱ በጽሑፍ ይሰጣት። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላትም የወጣው ሥጋ ወደ ምርመራ መላኩን፣ መልሱም መቼና ከየት እንደሚወሰድ ትጠይቅ። የአልትራሳውንዱን፣ የናሙናውንና የሪፈሩን ወረቀት በአንድ ከረጢት አድርጋ ትያዝ፤ ወረቀት ጠፍቶ ከአዲስ አበባ ለመመለስ የተገደደች ሴት ወራትን ትከስራለች።

ገንዘቡ የማይታለፍ ነገር ነው። ከአሶሳ የሚነሡት ወደ አዲስ አበባ፣ ከመተከል የሚነሡት ብዙ ጊዜ በቻግኒ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይሄዳሉ። በሁለቱም መንገድ ከሕክምናው ይልቅ ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያውና የአስታማሚው ቀለብ ይከብዳል። ጉዞውም አንድ ብቻ አይደለም፤ ኬሞቴራፒ በየሦስት ሳምንቱ ለወራት ይደጋገማል። አንድ ሰበካ ብቻውን ይህን መሸከም ያቅተው ይሆናል። በየወረዳው ያሉ አጥቢያዎች ተባብረው ለሕሙማን የሚሆን ጥቂት ተቀማጭ ቢይዙ፣ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ካለች አንዲት አጥቢያ ጋር ተነጋግረውም ሕመምተኛዋ የምታርፍበት ቤት ቢያገኙ ግን ሸክሙ ይከፋፈላል። ይህ ትብብር በቤተ ክርስቲያን ግቢ ብቻ እንዳይቀር። በክልላችን የምእመናኑ ጎረቤት ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነው፤ እድሩና ገበያው አንድ ነው፤ ወሬውም በእድሩ በኩል ይድረስ።

ከቀዶ ሕክምናው የተመለሰች ሴት ክንዷ ገና አልዳነም። ብብቷ በጥቂቱም ቢሆን የተነካ ከሆነ በሐኪሙ ትእዛዝ ክንዷን ቀስ በቀስ ማንሣትና ማንቀሳቀስ ትጀምራለች፤ ፈርታ ክንዷን አጥፋ ደረቷ ላይ ካስቀመጠችው ትከሻዋ ይደርቃል። በዚያ በኩል ያለውን እጅ ከእሾህ፣ ከእሳትና ከቁስል መጠበቅ፣ ከቆሰለም ቶሎ በሳሙና ማጠብ ይገባል፤ የክንዱ መክበድ፣ የቀለበት ወይም የእጅጌ መጥበብ እብጠት መጀመሩን ስለሚያሳይ ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዘንግ በትከሻዋ መሸከም፣ ውኃ መቅዳትና መውቀጥ የለባትም። እቤቷ ውስጥ ይህን የሚሠራ ሌላ ሰው ከሌለ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶችና የማኅበሯ እኅቶች በተራ ውኃ ሊቀዱላትና እንጨት ሊለቅሙላት ይችላሉ፤ ተራውን የሚመድብ አንድ ሰው ግን አስቀድሞ፣ እርሷ ለቀዶ ሕክምናው ከመሄዷ በፊት፣ ቢታወቅ ይሻላል።